ሞተሩ አድጓል፣ ካርቡሬተሩስ? ለተሻሻለ የቮልስ ሞተር ካርቡሬተር መምረጥ፣ መግጠምና መቃኘት

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ቮልስ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከኋላ የሚመጣው የዚያ ድምፅ ባለቤት ግን ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ሞተር መሆኑ እየቀረ ነው። አንዱ 1200 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሮቹ አጠቃላይ መጠን ነው) የነበረውን አውጥቶ 1600 አስገብቷል። ሌላው በ1600ው ላይ ሰፊ ፒስተንና ሲሊንደር አስገጥሞ 1776 አድርጎታል። ሌላው ደግሞ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ወይም ማርሚታውን ብቻ ቀይሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶና አሻሽሎ መንዳት ከትርፍ ጊዜ ፍቅር አልፎ የኪስ ጉዳይ ሆኗል።

ሞተሩ ተሠርቶ ሲያልቅ አሮጌው ካርቡሬተር አይበቃውም፣ ወይም አልቋል፣ ስለዚህ ሌላ ይገዛል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከመደብሩ "ትልቁን" ይዞ ይመለሳል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ይነሳል። ከዚያ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይጨርሳል። ባለቤቱ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ሆኖ ከሞተሩ ጋር ያልተዋወቀ ነው።

ካርቡሬተር ምንድን ነው የሚሠራው?

የድሮውን የፍሊት መርጪያ የሚያስታውስ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። እጀታው ሲገፋ አየሩ በጠባቡ አፍ በፍጥነት ይወጣል። በፍጥነት የሚያልፍ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ከሥር ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቀጭኗ ቱቦ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። ካርቡሬተርም ይኸው ነው፤ እዚህ ግን አየሩን የሚገፋ እጅ የለም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን ይስበዋል።

አየሩ የሚያልፍበት ጉሮሮ መሐሉ ላይ ይጠባል። ይህ ጠባብ ቦታ ቬንቹሪ ይባላል። ከጎኑ ትንሽ የቤንዚን ገንዳ አለች። በገንዳዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ፣ ልክ በሽንት ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው፣ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ከገንዳዋ ወደ ጉሮሮው የሚሄደው ቤንዚን በአንዲት የነሐስ ቡሎን መሐል በተበሳ ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ይህች ቡሎን ጄት ትባላለች። ላይዋ ላይ 125 የሚል ቁጥር ካለ ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የካርቡሬተር ቅኝት በአብዛኛው በእነዚህ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መጫወት ነው፤ ልዩነታቸው በዓይን አይታይም፣ ሞተሩ ግን ያውቀዋል።

አንድ ካርቡሬተር አንድ ጄት ብቻ አይደለም ያለው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በራሱ ሲዞር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ የሚያበላው ሌላ ትንሽ ጄት አለ። ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ አንድ ጊዜ ፊጭ የምታደርግ ፓምፕ አለች። በብርድ ለማስነሳት ቾኩ አለ። ፍጥነት ሲጨምር ቤንዚኑ ከልኩ እንዳያልፍ አየር የሚቀላቅልበት የአየር ጄትም አለ። በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ሥራቸውን እየተቀባበሉ የሚሠሩ ጎረቤቶች ናቸው። "ካርቡሬተሩ ተበላሽቷል" ከማለት በፊት ከመካከላቸው የትኛው እንደደከመ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ድብልቁ ልክ የሚሆነው መቼ ነው? አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው ቤንዚኑ ትንሽ ሲበዛ፣ ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር አካባቢ ነው። ቤንዚን በጣም ከበዛ ጭስና ጥላሸት ይመጣል፤ አየር በጣም ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ይግላል። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ይህን ግለት በቀላሉ አይሸከምም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ካርቡሬተር ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ፣ ካምሻፍቱ መቀየሩን፣ መኪናው ጂማ ይሁን ሐምቡርግ አያውቅም። የሚሰማው በጉሮሮው የሚያልፈውን የአየር ስበት ብቻ ነው። የቀረውን ማወቅ ያለበት የሚገጥመው ሰው ነው።

ሞተሩ ሲሻሻል ካርቡሬተሩ ላይ ምን ይመጣል?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአራት ምት የሚሠራ ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ሆዱን በአየር ይሞላል። በደቂቃ 4000 ዙር ሲሽከረከር 2000 ጊዜ ሞላ ማለት ነው። የ1200ው ሞተር ትክክለኛ መጠን 1192 ሲሲ ስለሆነ በደቂቃ 2384 ሊትር አየር መሳብ ነበረበት። ሆኖም ማንም ሞተር ሆዱን ጥግ ድረስ አይሞላም፤ 80 በመቶ ብንል 1900 ሊትር ገደማ ይሆናል። በዚሁ ስሌት 1600ው ወደ 2530 ሊትር፣ 1776ቱ ደግሞ ወደ 2840 ሊትር ይፈልጋል። የመጨረሻው ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ለ1200 በተሠራ ጉሮሮ ይህን ሁሉ አየር ማሳለፍ ሰርገኛውን ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ለማስገባት እንደመሞከር ነው። ሞተሩ ዝቅተኛ ዙር ላይ ምንም አይለውም፤ ከፍ ሲል ግን ይታፈናል።

ሲሲውን ሳይነኩ የሚደረግ ለውጥም አየሩን ይለውጣል። ቫልቮቹን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ያስገባል፤ በሚኒሞ ላይ ግን የሞተሩን ስበት ያዳክማል። ስበቱ ሲዳከም ካርቡሬተሩ የሚሰማው ነገር ያንሳል፣ ድብልቁም ይዛባል። የተከፈተ ማርሚታ ደግሞ የተቃጠለውን ጋዝ ቶሎ ስለሚያስወጣ ለአዲሱ አየር ቦታ ይለቃል። ስለዚህ ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ "የ1600 ካርቡሬተር ስጠኝ" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በሞተሩ ላይ የተነካውን ሁሉ ዘርዝሮ መናገር ያስፈልጋል።

ታዲያ ትልቁን ብገጥም ምን አለበት?

አለበት። ፍሊቱን ያስታውሱ፤ አፉን ብናሰፋው ያው እጅ ያንኑ አየር ቢገፋ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ፈሳሹም አይሳብም። ካርቡሬተርም ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ፍጥነቱን ያጣል። የስበቱ ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የታወቀው የቮልስ 34 ካርቡሬተር (የቁጥሩን ትርጉም ከታች እናያለን) ቬንቹሪ 26 ሚሊ ሜትር ነው። በ1600 ሞተር ላይ፣ በ4000 ዙር፣ አየሩ በዚያ ጉሮሮ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚያው ሞተር ላይ 32 ሚሊ ሜትር ቬንቹሪ ያለው አንድ ካርቡሬተር ብንሰቅል ፍጥነቱ ወደ 53 ሜትር ይወርዳል፤ ቤንዚኑን የሚስበው ኃይል ከበፊቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። ያውም በ4000 ዙር ነው። የአዲስ አበባ መንዳት ግን ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሁለተኛ ማርሽ መንፏቀቅ ነው፤ ሞተሩ 1500 እና 2000 ዙር ላይ ነው የሚውለው። እዚያ ላይ በትልቅ ጉሮሮ ውስጥ አየሩ ስለሚያንቀላፋ ቤንዚኑ እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ በጠብታ ይወርዳል። መኪናው ሲረገጥ "ዋ" ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ ድንገት ይሮጣል። በጎዳና ውድድር በ6000 ዙር ለሚነዳ ሰው ያ ካርቡሬተር ትክክል ሊሆን ይችላል። ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ አባት ግን አይደለም።

ለ1600፣ እንዲያውም ካምሻፍቱ ላልተነካ 1776 ጭምር፣ ጄቱ የተስተካከለ 34 ለከተማ መንገድ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ወጣቶች በዚህ አይስማሙም፤ እነሱ የሚወዱት የሁለት ካርቡሬተርን ድምፅ ነው፣ ድምፁ መልካም እንደሆነ እኔም አልክድም።

28፣ 30፣ 34 ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቁጥሩ በካርቡሬተሩ ታች ያለው፣ ፔዳሉ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክብ በር የሚገኝበት ቀዳዳ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር። ሶሌክስ ፒክት የሚባሉት የቮልስ ካርቡሬተሮች በዚህ ይለያሉ። 28ቱ የ1200 ነው፣ 30ው በ1300ና በ1500 ላይ ይገኝ ነበር፣ 34ቱ ደግሞ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ከ1600ው ጋር መጣ። በዚያው ዘመን ቴስታታውም፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ተለውጧል። የቀድሞው ለሁለት ሲሊንደር አንድ የአየር መግቢያ ነበረው፤ አዲሱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ሰጠው። ስለዚህ 34 ገዝተው በአሮጌው ማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) ላይ ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ የእግሩ ቡሎኖች አይገጥሙም፤ የ34ቱ እግር ሰፊ ነው። ማገናኛ ቁራጭ ይሸጣል፤ ነገር ግን ባለ አንድ መግቢያ ቴስታታ ላይ 34 መጫን ያንን ጠባብ መግቢያ አያሰፋውም።

ባለ ሁለት ካርቡሬተር ልግጠም?

በመሐል የሚቀመጥ አንድ ካርቡሬተር ችግሩ መንገዱ መርዘሙ ነው። ድብልቁ ወደ ሲሊንደሮቹ እስኪደርስ በረጅም ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ይጓዛል፤ በመንገድ ላይ ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ይረጋል። በየጎኑ አንድ ካርቡሬተር ሲቀመጥ ይህ መንገድ ያጥራል፤ ለትልቅ ሞተርና ለተቀየረ ካምሻፍት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሁለቱ በእኩል መከፈት፣ በእኩል መሳብ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ሞተሩ ባልተመጣጠኑ ሁለት በሬዎች እንደሚጎተት ሞፈር ይዋልላል። ማመጣጠኛ መሣሪያ የሌለው ሰው ቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጎ የሁለቱን የፉጨት ድምፅ ያነጻጽራል። ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የማገናኛ ዘንጉ በተላላ ቁጥርም ሥራው ከእንደገና ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለምን ሌላ ጄት ያስፈልጋል?

ሞተሩን ማንም ባይነካው እንኳ ከተማው ራሱ አሻሽሎታል፣ ወይም አዳክሞታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ሞልቶ የሚስበው መጠን በሊትር አይለወጥም፤ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን በሩብ ያህል ሳስቷል። ለዚህ ነው ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ የሚያጣው። ይህን ጉድለት ጄት አይመልሰውም።

ጄት የሚመልሰው ሌላ ነገር አለ። አየሩ በክብደት ወደ 75 በመቶ ሲወርድ በጄቱ የሚሳበው ቤንዚን በዚያው ልክ አይወርድም፤ የሚወርደው ወደ 87 በመቶ ብቻ ነው። ማዕድ ላይ እንጀራው በሩብ ተቀንሶ ወጡ ግን ብዙም ሳይቀነስ እንደመቅረብ ነው። በውጤቱ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ከሳጥን የወጣ አዲስ ካርቡሬተር በአብዛኛው ለዝቅተኛ አገር የተዘጋጀ ጄት ነው የያዘው። እንዳለ ከተገጠመ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ የወሩ የቤንዚን ወጪም ያስደነግጣል።

መፍትሔው የጄቱን ቀዳዳ ስፋት 13 በመቶ መቀነስ ነው። የክብ ቀዳዳ ስፋት የሚወሰነው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ በቁጥሩ ላይ የሚቀነሰው 7 በመቶ ያህል ነው። ዋናው ጄት 127.5 ከሆነ ወደ 120 አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሞተሩ 1776 ከሆነና ማርሚታውም ተከፍቶ ከሆነ እሱ ደግሞ በተራው ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠይቃል። ማሻሻያው ወደ ላይ፣ ከፍታው ወደ ታች ይጎትታሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር በመሐላቸው የሆነ ቦታ ነው። ለዚህ ነው አንድ ጄት ሳይሆን ከ115 እስከ 130 ያሉትን አራት አምስት ጄቶች መግዛት የሚሻለው። የሚኒሞውም ጄት እንዲሁ አንድ ደረጃ መውረድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጄትን በመርፌ ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት የተለመደ ነው። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ሥራ በእጅ መሰርሰሪያ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ውሸት ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚነካው መካኒክም በዚያ ውሸት ይመራል።

ሲገጠም ምን ምን ይታያል?

ከመግጠም በፊት አዲሱን ዕቃ ራሱን መክፈት ነው። ከሳጥን ስለወጣ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የፋብሪካ ብናኝ ጄቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ የላይኛው ክዳን ቪሶች ላልተው ይገኛሉ። ከዚያ በአሮጌው ካርቡሬተር እግር ሥር የነበረው ጋስኬት ሙሉ በሙሉ ተፍቆ መነሳት አለበት። ከዚያ በታች የምትገባ የፀጉር ያህል የአየር ቀዳዳ ቅኝቱን ሁሉ ታበላሻለች፤ ያ አየር በጉሮሮው ሳያልፍ ስለሚገባ ካርቡሬተሩ አይሰማውም፣ ቤንዚንም አይመድብለትም። ሁለቱ ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ይጠብቃሉ። "እንዳይተነፍስ" ብሎ አጥብቆ መምታት እግሩን ያጣምመዋል፣ ያኔ የግድ ይተነፍሳል።

የነዳጅ ፔዳሉ ኬብል ሲታሰር አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ይረግጥ፤ ሌላው ከኋላ ይመልከት። በሩ ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ክንዱና ማቆሚያው መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ከሌለ ኬብሉ አንድ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ይበጠሳል።

የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቾኩን ለሚያሞቀው፣ ሌላው ቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞውን ቤንዚን ለሚዘጋው። ሁለተኛው ከተረሳ መኪናው ነዳጅ ሲሰጡት ይሠራል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ካርቡሬተር ጥሏል። መኪናው ከድሮዎቹ በ6 ቮልት ከሚሠሩት ከሆነ ደግሞ የ12 ቮልት ዕቃ አይነቃም።

የቤንዚን ፓምፑ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ የቮልስ የራሱ ሜካኒካል ፓምፕ የሚገፋው ከ0.2 እስከ 0.25 ባር አካባቢ ነው፣ የተንሳፋፊው ቫልቭም የሚችለው ይህንኑ ነው። ከኢንጀክሽን መኪና የተነቀለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ከዚያ አሥር እጥፍ ይገፋል፤ ካርቡሬተሩ ከአናቱ ያፈሳል። ቤንዚን የሚያፈስ ሞተር ደግሞ ቀልድ የለውም። የቮልስ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ያረጀ የቤንዚን ጎማ ወይም ከካርቡሬተሩ የላላ የነሐስ መግቢያ ቱቦ በጋለው ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ ነው። ቱቦዋን በእጅ ነቅንቀው ይሞክሯት። የፕላስቲክ ማጣሪያውም ከፓምፑ በኋላ ሞተሩ አናት ላይ ከሚንጠለጠል ከፓምፑ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ማርሚታውን የቀየረ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የፋብሪካው ማኒፎልድ ከሥሩ የሚያሞቀው ቀጭን ቱቦ አለው፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ነው። አንዳንድ የስፖርት ማርሚታዎች ይህን ቱቦ የሚያያይዙበት ቦታ የላቸውም፤ በአሮጌ መኪናም ቱቦው በጥላሸት ይደፈናል። ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛል፤ በሐምሌ እርጥብ ጠዋት፣ ውጭው 12 ዲግሪ ሆኖ እንኳ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። የአንድ ጎረቤቴ ቮልስ ክረምት በመጣ ቁጥር ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እየጠፋ ያስቸግር ነበር፤ ሁለት ካርቡሬተር ከተቀየረለት በኋላ የተገኘው የተደፈነች ቱቦ ነበረች።

መቃኘቱስ በምን ይጀምራል?

ካርቡሬተሩን ባለመንካት። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን ክር ከመወጠሩ በፊት እንጨቱ አለመሰንጠቁን ያያል። እዚህም መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱ ይስተካከላል፤ ለፋብሪካው ሞተር በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ካንዴላና ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ። በእነዚህ የመጣን ጥፋት በካርቡሬተር ለማረም የሚደረግ ጥረት ማለቂያ የለውም።

እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የ34ቱ ካርቡሬተር የተሠራው ስበቱን በቀጭን ጎማ ተቀብሎ የእሳቱን ጊዜ ከሚያስቀድም ዲስትሪቢዩተር ጋር እንዲሠራ ነው። ብዙ የተሻሻሉ ቮልሶች ላይ የሚገኘው የቦሽ 009 ግን ይህ ጎማ የለውም፤ ጊዜውን የሚያስቀድመው በዙር ፍጥነት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ከመነሻ ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩ ለአፍታ ይደነዝዛል። ያን ድንዛዜ በትልቅ ጄት ለመሸፈን ይሞከራል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ ድንዛዜው ግን አይሄድም። ትክክለኛውን ዲስትሪቢዩተር ማግኘት ይቀላል።

34ቱን በሚኒሞ ላይ መቃኘት እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ ይከፈት። በጎኑ ሁለት ቪሶች አሉ፤ ትልቁ አየር የሚያሳልፈው፣ ትንሹ ድብልቁን የሚወስነው። ትንሹ ቀስ ብሎ እስኪነካ ይዘጋና ሁለት ዙር ተኩል ይከፈታል። በትልቁ ዙሩ ወደ 850 ይመጣል። ከዚያ ትንሹን በካቻቢቴ ወዲያና ወዲህ እያሉ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበት ቦታ ይፈለጋል፤ ከተገኘ በኋላ ዙሩ 20 ወይም 30 ያህል እስኪቀንስ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በመጨረሻ በትልቁ እንደገና 850 ይደረጋል። የፔዳሉን በር የሚያቆመው ቪስ አይነካም፤ በዚህ ካርቡሬተር ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በእሱ አይደለም፣ ብዙ መካኒክ ግን በልማድ መጀመሪያ እሱን ያዞራል። ትንሹ ቪስ ቢዞርም ሞተሩ ምንም ካልመሰለው ወይ ሚኒሞ ጄቱ ተደፍኗል፣ ወይ ከሥር አየር እየገባ ነው።

ዋናው ጄት የሚፈተነው ግን ቆሞ አይደለም። ረጅም ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ከተነዳ በኋላ ጥግ ይዞ ማቆምና ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየት ነው። የተቆላ ቡና ጅማሮ የመሰለ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቶበታል፣ ጄቱ ይነስ። ነጭ ሆኖ ከተገኘ አየር በዝቶበታል፤ ይህ አደገኛው ነው፣ በዚያው መንዳት አይገባም። የኦክስጅን መለኪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ደግሞ ከካንዴላ ቀለም የበለጠ እውነት ይናገራል። በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ጄትና ታይሚንግ አብረው ከተነኩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ወደ ቆላ ስወርድስ?

ለአዲስ አበባ የተቃኘ ሞተር ወደ አዳማ ቢወርድ፣ ከተማዋ 1700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች፣ ብዙም አይጎዳም። አዋሽ ግን ወደ 1000 ሜትር ይወርዳል፤ ወደ ጅቡቲ የሚቀጥል ሰው ደግሞ እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ጄቱ ግን የደጋ ነው፤ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። በዚያ ላይ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ በረጅሙ መንገድ ላይ ፔዳሉን ተጭኖ መሄድ ፒስተን ያቀልጣል። ስለዚህ ከሳጥኑ የወጣችው የመጀመሪያዋ ጄት አትጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልላ የመኪናው ኪስ ውስጥ ትቀመጥ። በ34ቱ ላይ ዋናው ጄት የሚገኘው በገንዳዋ ጎን ካለው ቡሎን በስተኋላ ነው፣ ካርቡሬተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ቡሎኑ ሲፈታ በገንዳዋ ያለው ቤንዚን ስለሚፈስ ግን ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ከሥሩ ጣሳ ይደረግ፤ ሲጋራ የሚያጨሰውም ጓደኛ ራቅ ይበል።